የከሰል ምድጃ በር ገንዘብ ይቆጥባል፤ ነፍስ ግን አያድንም

ከሰል በማዳበሪያ የሚገዛ ሰው ክርክር ያውቃል። ዱቄቱ በዛ፣ ሥሩ አፈር ነው፣ አናቱ ላይ ብቻ ትልልቁን ደረደራችሁበት እያለ ዋጋ ያስቀንሳል። ይኸው ሰው ምድጃ ሲገዛ ግን ከላይ ከላይ አይቶ ሒሳቡን ይከፍላል እንጂ ከታች ያለችውን ትንሽ በር ከፈት ዘጋ አድርጎ ለመሞከር አይጎነበስም። ማዳበሪያው በስንት ቀን እንደሚያልቅ የምትወስነው ግን ያቺ በር ናት። ክፍሉ ተዘግቶ የተተኛ እንደሆነ ደግሞ ያቺው በር ምንም አትጠቅምም። ሁለቱን ነገር ለይቶ የሚያውቅ ገዢም ሻጭም በገበያው ውስጥ ብዙ አይደለም።

ላቀች በሚል ስም የምትታወቀው ምድጃ በ1980ዎቹ ዓ.ም. በመንግሥት የኢነርጂ ፕሮጀክት አማካይነት ለአዲስ አበባ ገበያ ስትቀርብ መነሻዋ የኬንያው ‹‹ጂኮ›› ነበር። ውጪዋ ላሜራ፣ ውስጧ ሸክላ ነው። ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ስትነጻጸር 25 በመቶ ያህል ከሰል ትቆጥባለች ተብሎ ነው የቀረበችው። በነጋዴ ቋንቋ፣ አራት ማዳበሪያ ይፈጅ የነበረ ቤት በሦስት ይዘልቃል ማለት ነው።

ለመሆኑ ቁጠባው ከየት ይመጣል? አንደኛው ከሸክላው ነው፤ ሙቀቱ በላሜራው በኩል ወደ ውጪ እንዳይባክን ይይዘዋል። ሁለተኛው ከበሩ ነው። አየር በበሩ ይገባል፣ በአመዱ ክፍል ያልፋል፣ በሸክላው ቀዳዳዎች ወጥቶ ከሰሉን ያገኘዋል። በሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ፍሙ ይግማል፤ ጠበብ ሲል ይረጋል። ውኃ እስኪፈላ ክፍት፣ ወጡ መንተክተክ ሲጀምር ገርበብ ማድረግ ነው የቤት እመቤቷ ጥበብ። የማይገጥም በር ያላት ምድጃ ግን ከሰሉን በራሷ ፍጥነት ትበላዋለች፤ ወጡ ከደረሰ በኋላም መብላቷን አታቆምም።

እንግዲህ ላቀች ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ላቀች አይደለም። ቅርጿን አስመስሎ መሥራት ቀላል ነው፤ ላሜራውን ማሳሳት፣ በሩን በልክ አለመቁረጥ፣ በሸክላውና በላሜራው መካከል ያለውን ክፍተት ሳይሞሉ መተው ደግሞ ዋጋ ለመቀነስ ያመቻል። ስስ ላሜራ ጥቂት ጊዜ ከጋለ በኋላ ይጣመማል። በሩም ወይ አልዘጋ ይላል፣ ወይ ተጣብቆ ይቀራል።

ስለዚህ በጅምላ የሚረከብ ነጋዴ ከየክምሩ ጥቂቱን አንስቶ ይፈትን። በሩ በአንድ ጣት መከፈት አለበት፤ ግማሽ ላይ ሲተውትም እዚያው መቆም አለበት እንጂ መውደቅ የለበትም። ዘግቶ ወደ ብርሃን አዙሮ በአፉ በኩል ወደ ውስጥ ሲያዩ በበሩ ዙሪያ ሰፊ ብርሃን ከታየ ያቺ ምድጃ ላቀች ለመባል አትበቃም። ሸክላውን በጣት ቆርቆር ማድረግም ጥሩ ነው፤ የተሰነጠቀ ድምፁ ያስታውቃል።

ከተገዛች በኋላ በሩን የሚያበላሸው በአብዛኛው አመድና ውኃ ነው። ያልተጠረገ አመድ የአየሩን መንገድ ይዘጋል። ፍሙን ለማጥፋት ውኃ የሚደፋ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሁለት ኪሳራ ይገባል፦ የጋለው ሸክላ ይሰነጠቃል፣ እርጥብ አመድ የተኛበት ላሜራም ከማጠፊያው ጀምሮ ይዝጋል። የተረፈውን ፍም ደጅ ላይ ክዳን ባለው ብረት ዕቃ ከትቶ አፍኖ ማጥፋት ይሻላል፤ ከሰሉም ለነገ ይተርፋል።

እስካሁን ያልነው የገንዘቡን ነው። የነፍሱ ጉዳይ ሌላ ነው።

ብዙ ሰው ‹‹በሩን ዘግቼዋለሁ፣ ፍም ሆኗል፣ ጢስ የለውም›› ብሎ ምድጃውን መኝታ ቤት ያስገባል። ሦስቱም ምክንያቶች አይሠሩም። ጢሱ የሚታየው ከሰሉ ሲቀጣጠል ነው፤ ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፣ ከቀላው ፍምም ከአመድ ሥር ካለው ረመጥም ይወጣል። ከታች የገባው አየር መጀመሪያ ያገኘውን ከሰል በደንብ ያቃጥላል፤ የተፈጠረው ጋዝ በላዩ ባለው የጋለ ፍም መካከል ሲያልፍ ተመልሶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። አንዳንዴ በፍሙ አናት ላይ የምትታየው ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ ሲቃጠል ነው። ነበልባሏ ከሌለች ጋዙ ሳይቃጠል ወደ ክፍሉ እየገባ ሊሆን ይችላል። በሩ ሲጠብ ደግሞ አየሩ ስለሚያንስ ከሚወጣው ውስጥ የመርዙ ድርሻ ከፍ ሊል ይችላል። ሲከፈትም አይቀርም።

አንድ ኪሎ ካርቦን በሚገባ ሲቃጠል ወደ 33 ሜጋጁል ሙቀት ይሰጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ብቻ ሆኖ ከቀረ ግን የሚሰጠው ወደ 9 ሜጋጁል ነው። በሩን ከልክ በላይ ዘግቶ ከሰል ቆጠብኩ የሚል ሰው የከፈለበትን ሙቀት በመርዝ መልክ ወደ ክፍሉ እየለቀቀ ነው።

ክረምታቸው ብርቱ በሆነባቸው አገሮች የድንጋይ ከሰል የሚነድባቸው ምድጃዎች የጢስ ማውጫ ቱቦ አላቸው። በቱቦው ላይ የጢሱ ስበት ሲበረታ በራሱ የሚከፈት፣ ሲላላ የሚዘጋ ክዳን ይገጠማል። ቱቦው ጋዙን ወደ ውጪ ስለሚያወጣ ክዳኑን ማስተካከል ትርጉም አለው። የኛዋ ምድጃ ቱቦ የላትም፤ የቤቱ መስኮትና በር ናቸው ቱቦዋ። በነገራችን ላይ የድንጋይ ከሰል በላቀች ማንደድ ፈጽሞ አይሞከርም፤ እሱ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ማገዶ ነው።

ቱቦ መኖሩም ቢሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የሞንጎልያ ዋና ከተማ ኡላንባታር እ.ኤ.አ. በ2019 ጥሬ የድንጋይ ከሰል ማንደድን አግዳ ለነዋሪዎቿ የተጨመቀ ከሰል አቀረበች። የታሰበው የከተማዋን አየር ማጽዳት ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት ብርዱ ሲገባ በርካታ ሰዎች በካርቦን ሞኖክሳይድ ተመረዙ፤ የሞቱም ነበሩ። ማገዶው አዲስ፣ ምድጃው፣ ቱቦውና አጠቃቀሙ ግን የድሮው ነበር። በአገራችን ከቡና ገለፈትና ከከሰል ዱቄት ብሪኬት የማምረት ሥራ ላይ ገንዘብ ለማዋል የሚያስብ ባለሀብት ይህን ቢያጤነው ይበጀዋል። ብሪኬት ዝግ ብሎ ረጅም ሰዓት ይነዳል፤ ገበያ የሚስበውም ይኸው ነው። ረጅም ሰዓት መንደድ ግን ረጅም ሰዓት ጋዝ ማውጣትም ነው። ምርቱን የሚሸጥ ሰው በየትኛው ምድጃ፣ በምን ያህል የበር ክፍተት፣ በምን ዓይነት ቦታ እንደሚነድ በማሸጊያው ላይ በአማርኛ መጻፍ አለበት። ‹‹ጢስ አልባ›› ብሎ ብቻ መጻፍ ገዢውን ማሳሳት ነው።

ለንግዱ ማኅበረሰብ ጉዳዩ ከዚህም ይቀርባል። በኮንቴይነር ሱቅ ውስጥ ጀበና ቡና የሚያፈሉ አሉ፤ ዝናብ ሲመጣ በሩ ይዘጋል፣ ብረቱ ደግሞ ቀዳዳ የለውም። ሌሊት በጥበቃ ቤት ምድጃ ታቅፎ የሚያድር ዘበኛ የሌለበት መጋዘን ማግኘት ያስቸግራል። ለዘበኛ ካፖርትና ብርድ ልብስ መግዛት ያልፈለገ ባለንብረት ጠዋት ምን ሊያገኝ እንደሚችል ቢያስብ ጥሩ ነው። ሰርቪስ ቤት የሚያከራይም እንዲሁ፤ ወጥ የሚሠራበት አየር የሚያገኝ ደጅ ወይም ጣሪያ ያለው ክፍት ቦታ ካላበጀ ተከራዩ መኝታው ውስጥ እንዲያበስል አድርጎታል ማለት ነው።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ነው። በአንድ ክፍል ያሉ ሁለት ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው የምግብ መመረዝ ነው ከማለት በፊት ምድጃውን ማየት ይገባል። ጋዙ ከደም ጋር የሚይዘው ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሆነ ደጅ ወጥቶ ትንሽ መተንፈስ አይበቃም፤ ንጹህ አየር እየተነፈሱ እንኳ በደም ውስጥ ያለው ግማሽ እስኪለቅ አራት አምስት ሰዓት ይወስዳል። ሐኪም ቤት የሚሰጠው ኦክሲጅን ይህን ጊዜ በብዙ ያሳጥረዋል።

አስመጪዎች ሊያዩት የሚገባ አንድ ትንሽ ዕቃ አለ፤ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል። ተራው የጢስ ደወል ይህን ጋዝ አይለይም፤ ሁለቱን አምታቶ ማስመጣት ገንዘብ ማባከን ነው። የጋዝ ደወሉ መለኪያ ደግሞ ዕድሜ አለው፤ እንደ ሥሪቱ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት። ከመዋዋል በፊት በጀርባው የተጻፈውን ቀን ማንበብ የአስመጪው ፋንታ ነው።