ያውቁ ኖሯል? ጥርስ ሲነቀል የሚዘጋው በር

በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ጥርሱን የሚያስነቅል ሰው ድዱን ሊዶኬይን ሲወጋ፣ መድኃኒቱ በነርቩ ላይ ያሉትን የሶዲየም በሮች ይዘጋል። ሶዲየም ካልገባ የሕመሙ መልእክት አንጎል አይደርስም።

በሮቹ ግን 9 ዓይነት ናቸው። ሊዶኬይን አይመርጥም፤ በደም ውስጥ ከበዛ የልብንና የአንጎልንም ይዘጋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ ያደጉ የሰው ሴሎችን አንድ ዓይነት በር ብቻ እንዲያበዙ አድርገው፣ ብዙ ውህዶችን አንድ በአንድ ይፈትኑባቸዋል። እጅግ አድካሚ ሥራ ነው፤ በሮቹ እንደ መንትያ ይመሳሰላሉና።

ልፋቱ ፍሬ አፍርቷል። ሱዜትሪጂን የተባለው እንክብል በዋናነት በሕመም ነርቮች የሚገኘውን፣ ‹1.8› የሚባለውን በር ለይቶ ይዘጋል፤ የሞርፊን ወገንም አይደለም። አሜሪካ ለአጣዳፊ ሕመም እንዲውል ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ፈቅዳለች።