«ከኪሴ ያልወጣ ብር»
የውርርድ ቦነስና የልጆቻችን ጥያቄ



በነገሌ ቦረናና በአካባቢዋ የቆላ ከተሞች ለምናስተምር ሰዎች ተደጋግሞ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። ከመድረሳው ተማሪም ይመጣል፣ ከመንግሥት ትምህርት ቤቱ ተማሪም ይመጣል፤ አቀራረቡ ግን ያው ነው። «ኡስታዝ፣ የኳስ ውርርድ ሐራም መሆኑን አውቃለሁ። ድርጅቱ ራሱ በስልኬ ቦነስ ቢልክልኝና በሱ ብጫወትስ? ከኪሴ ሳንቲም አልወጣም። ብሸነፍ የጠፋው የነሱ ብር ነው፤ ባሸንፍ ግን ለእናቴ ዱቄት እገዛለሁ።»

ይህ የሞኝ ጥያቄ አይደለምና በቁጣ ማለፍ አይገባም። እንዲያውም በፊቅህ ትንሽ የገፋ ልጅ ማስረጃ ይጨምርበታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በግመል፣ በፈረስና በቀስት ውድድር ሽልማት ፈቅደዋል፤ ከተወዳዳሪዎቹ ውጭ የሆነ ሦስተኛ ወገን ሽልማቱን ቢያወጣ ዑለማኦች ችግር የለበትም ብለዋል። ታዲያ ቦነስ ሰጪው ድርጅት ሦስተኛ ወገን አይደለምን?

አይደለም። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። በግመል ሩጫ ሽልማት ያወጣ ባለሀብት የትኛውም ግመል ቢቀድም ለሱ ያው ነው። አወራራጁ ድርጅት ግን በውርርዱ ውስጥ ተቃራኒህ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ነው፤ አንተ ስታሸንፍ እሱ ይከፍላል፣ አንተ ስትሸነፍ እሱ ይወስዳል። ስለዚህ ቦነሱ ተጋጣሚህ አንተን ወደ ጨዋታው ለማስገባት ያበደረህ መግቢያ ነው እንጂ ስጦታ አይደለም። ስጦታ ቢሆን ኖሮ ዳቦ ይገዛበት ነበር። ቦነሱ ግን ለውርርድ ካልሆነ ለምንም አይውልም፤ ብዙዎቹም አስቀድመህ የራስህን ብር ካላስገባህ አይሰጡህም፣ የተባለውን ያህል ጊዜ ደጋግመህ ካልተወራረድክበትም ወጪ አይፈቅዱልህም።

እስቲ በሒሳብ እንየው። ሁለት እኩል ቡድኖች ሲጋጠሙ ትክክለኛው ኦድ 2 መሆን ነበረበት እንበል፤ ድርጅቱ ግን 1.85 ይሰጣል። 100 ብር በዚህ መንገድ የሚያስይዝ ሰው በአማካይ 92 ብር ከ50 ሳንቲም ያገኛል። አምስት ጊዜ ቢያዞረው ወደ 68 ብር ይወርዳል። ልጆቻችን የሚወዱት ደግሞ አሥር ጨዋታ በአንድ ትኬት መቁረጥ ነው። አሥሩንም የማግኘት ዕድል ከ1,024 አንድ ነው፤ ክፍያው ግን 470 እጥፍ አይሞላም። በ10 ብር 4,696 ብር የሚል ቁጥር ሲያዩ ዓይናቸው ይበራል። በትክክለኛው ኦድ ቢሆን ኖሮ ክፍያው 10,240 ብር ይሆን እንደነበር የሚነግራቸው የለም። (የሒሳብ መምህራን ይህን በክፍል ውስጥ ቢያሠሩት ከብዙ ስብከት ይበልጣል።)

ዘዴው የኛ አገር ፈጠራ አይደለም። በባሕር ላይ ለሽርሽር የሚዞሩት ታላላቅ መርከቦች ለመንገደኛው በመርከቡ ውስጥ ብቻ የሚወጣ ሒሳብ ይሰጡታል፤ በአንዳንዶቹ ያንኑ ሒሳብ ቁማር ቤታቸው ድረስ ይዞ መግባት ይችላል። ቁማር ቤቱ ብዙውን ጊዜ ወደብ ላይ ዝግ ነው፣ የሚከፈተው መርከቡ ከባሕር ዳርቻ ሲርቅ ነው። ሰውየው ብሩን በእጁ ስላልቆጠረው የሚያወጣው አይመስለውም።

በጃሂሊያ ዘመን የነበረው መይሲርም የሚያስገርም ነገር ነበረው፤ እኛ የግመል አገር ሰዎች በደንብ እንረዳዋለን። ግመል ታርዶ በአሥር ቀስቶች ዕጣ ይወጣል፤ ሰባቱ ድርሻ አላቸው፣ ሦስቱ ባዶ ናቸው። የግመሉን ዋጋ ባዶ የደረሳቸው ይከፍላሉ። አሸናፊዎቹ ሥጋውን ራሳቸው አይበሉም ነበር፤ ለድሆች ሰጥተው ይኩራሩበት ነበር። ይህን የመሰለ ለድሃ የሚደርስ ቁማር እንኳ በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 90 እና 91 ተከልክሏል፤ ጠላትነትን ይዘራልና፣ ከአላህ ዝክርና ከሶላት ያዘናጋልና። «ለእናቴ ዱቄት እገዛለሁ» ለሚለው ልጅ ከዚህ የቀረበ መልስ አላገኘሁም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ጓደኛውን «ና እንቋመር» ያለ ሰው ገና ሳይቋመር፣ በግብዣው ብቻ ሰደቃ እንዲሰጥ ታዟል። በየቀኑ በስልካችን የሚገባው የቦነስ መልእክት ከዚህ ግብዣ ሌላ ምንድን ነው?

በአዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም ብዙ የውርርድ ቤቶች ታሽገው ነበር። ስልክ ግን የሚታሸግ በር የለውም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም ተጀምሮ በዓመቱ ብድርም ጨመረበት፤ አገልግሎቱ ለነጋዴም ለገበሬም ብዙ ጠቅሟል። ሆኖም ቦነሱን አስበልቶ «አንድ ጊዜ ልመልሰው» ለሚል ወጣት ብድሩም እዚያው መዳፉ ላይ ነው፣ የአገልግሎት ክፍያውም አብሮት አለ። እንግዲህ ከመይሲሩ ላይ ዕዳ ተደረበ ማለት ነው።

በአካባቢያችን ይህ ቀልድ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም ዝናቡ በተከታታይ ሲጠፋ ከብቱ አልቆበት ወደ ከተማ የገባ ቤተሰብ ብዙ ነው። ልጁ የጫነበትንና ያወረደበትን የቀን ሥራ ገንዘብ ለትኬት ሲያውለው የሚጎድለው የእራት ብር ነው። የቦረና ሕዝብ ከብቱ ላለቀበት ወገኑ ከብት አዋጥቶ የሚያቋቁምበት ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ሥርዓት አለው። ልጆቻችን ባዶ እጅ የቀረን ሰው በእውነት መርዳት ምን እንደሚመስል ከአያቶቻቸው ሊጠይቁ ይችላሉ፤ የተሰጠው ጊደር ይወልዳል፣ ሰጪውም ተቀባዩ እንዲከስር አይጠብቅም።

ለወላጆች የምለው አጭር ነው። ልጃችሁ መጫወቱን ስትደርሱበት ስልኩን ከመስበራችሁ በፊት ዕዳው ስንት እንደሆነ በእርጋታ ጠይቁት። ብዙዎቹ የሚደብቁት ጨዋታውን ሳይሆን ዕዳውን ነው፤ ዕዳው እስካልተነገረ ድረስ ደግሞ ለመመለስ ሲሉ ይጫወታሉ። የሰው ገንዘብ ስለሆነ ዕዳው ይከፈል፤ አቅም ከሌለ ከቤተሰቡ ጋር በየወሩ ተከፋፍሎ ይከፈል። ከቁማር ያገኘው ብር በእጁ ካለ ምንዳ ሳይጠብቅበት ለችግረኛ ይስጠው። በድርጅቱ ዘንድ የከፈተውንም ሒሳብ እናንተው ፊት ይዝጋው፤ ቦነሱ ውስጥ ቢቀርም ይቅር።