የአክስቴ እቁብ ያስተማረኝ

ከእናንተ መካከል አንድ ቀን የራሱን ሥራ መጀመር የሚያስብ አይጠፋም። ዛሬ የማጫውታችሁ እኔ ስጀምር ስለሠራሁት ስህተት ነው።

ሙያዬ የሶፍትዌር ምህንድስና ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን ጀርመን አገር ተምሬ እዚያው ፍራንክፈርት ሥራ ያዝኩ። አክስቴም የምትኖረው እዚያው ነው። እሷና ጓደኞቿ እቁብ አላቸው። እቁብ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ 200 ዩሮ ያዋጣሉ። በየወሩ ዕጣ ይወጣል። ዕጣ የወጣለት ሰው 2,400 ዩሮ ይወስዳል። ዓመቱ ሲያልቅ ለሁሉም ይደርሳል። ወለድ የለውም፤ ባንክም አያስፈልገውም።

"ታዲያ በዚህ ዘመን ደብተርና ወረቀት ምን ያደርጋል?" ብዬ አሰብኩ። ሥራዬን ለቀቅኩና ያጠራቀምኩትን ገንዘብ እየጨረስኩ ስምንት ወር ሙሉ የእቁብ አፕ ሠራሁ። ገንዘቡ በስልክ ይከፈላል፤ ዕጣውም በስልክ ይወጣል። መሰብሰብ ቀረ ማለት ነው።

አክስቴ አፑን አይታ ሳቀች። "ጎበዝ ነህ የኔ ልጅ! ግን ባለፈው ወር ዕጣው የወጣው ለእኔ ነበር። አንዷ ጓደኛችን እናቷ አርፈውባት አገር ቤት መሄድ ነበረባት። ስለዚህ ዕጣዬን ለሷ ሰጠኋት። እኔ በእሷ ተራ እወስዳለሁ። ይሄ ስልክህ እንዲህ ማድረግ ይችላል?" አለችኝ።

አይችልም ነበር።

"ደግሞስ ካልተሰበሰብን፣ እናቷ ማረፋቸውን ከማን እንሰማለን?"

መልስ አልነበረኝም። ስምንት ወር ሙሉ ኮድ ስጽፍ አንድ ቀን እንኳ እቁቡ ላይ ተገኝቼ አላውቅም።

ያኔ የኬንያው ኤም-ፔሳ ታሪክ ትዝ አለኝ። "ኤም" ሞባይል ለማለት ነው፤ "ፔሳ" ደግሞ በስዋሂሊ ገንዘብ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ለሙከራ ሲጀመር፣ የታሰበው ትንሽ ብድር የወሰዱ ሰዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነበር። ተጠቃሚዎቹ ግን ገንዘቡን እርስ በርስ መላላክ ጀመሩ። ከተማ የሚሠራ ልጅ ገጠር ላሉት ወላጆቹ ገንዘብ የሚልከው በአውቶቡስ ሹፌር ወይም በሰው እጅ ነበርና፣ ይህ ትልቅ ችግራቸው ነበር። አዘጋጆቹ "አጠቃቀማችሁ ስህተት ነው" አላሉም። ሰዎቹ የሚያደርጉትን አይተው ሐሳባቸውን ቀየሩ። ሳፋሪኮም በ2007 አገልግሎቱን ሲጀምር ዋና ሥራው ለቤተሰብ ገንዘብ መላክ ሆነ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሚሊዮኖች ተጠቀሙበት። በ2023 ደግሞ ኢትዮጵያ ገባ።

እኔም ለሦስት ወር እቁቡ ላይ እየተገኘሁ ቡና ጠጣሁ፤ ጠየቅኩ፤ አዳመጥኩ። ለካ የተቸገረችው ጸሐፊዋ ናት! በየወሩ ክፍያ ለዘገየ ሰው መደወል አለባት። ጓደኛን "ገንዘብሽን አምጪ" ማለት ደግሞ ያሳፍራል።

ስለዚህ አፑን ከሞላ ጎደል አፍርሼ ትንሽ ነገር ሠራሁ። ለሁሉም አባላት የማስታወሻ መልእክት ይልካል። ማን እንደከፈለና ማን ተራውን ለማን እንደሰጠ ይመዘግባል። ዕጣው ግን እንደ ድሮው ከሲኒ ውስጥ በወረቀት ይወጣል። ዛሬ ጥቂት እቁቦች ትንሽ እየከፈሉ ይጠቀሙበታል። ገቢው ገና ለኑሮ አይበቃም። ስለዚህ ተመልሼ ተቀጥሬ እየሠራሁ ነው፤ ቅዳሜና እሑድን ለእሱ እሰጣለሁ።

አባቶቻችን "ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል" ይላሉ። ደጃዝማች በድሮ ዘመን ትልቅ ማዕረግ ነበር። ያልጠየቀ ሰው ትልቅ ነገር ያመልጠዋል ማለት ነው። እኔንም ስምንት ወር አምልጦኛል።

እስቲ እናንተም በዚህ ሳምንት እናታችሁን፣ አባታችሁን ወይም አክስታችሁን በአማርኛ "ከሥራሽ በጣም የሚያደክምሽ የቱ ነው?" "ከሥራህ በጣም የሚያደክምህ የቱ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። መፍትሔ ለመስጠት አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ አዳምጡ።