«ቲቸር፣ 96 አይሆንም?»

ባለፈው ሳምንት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሳስጠና ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ። የ100 ብር ዕቃ ዋጋው 20 በመቶ ጨመረ፤ ከዚያ 20 በመቶ ቀነሰ። አሁን ስንት ነው? ቸኩዬ ራሴው «ያው 100 ብር፣ ወደ ቦታው ተመለሰ» አልኩ።

ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች፤ «ቲቸር፣ 96 አይሆንም?»

ልክ ነበረች። ሁለተኛው 20 በመቶ የሚሰላው ከ120 ስለሆነ የሚቀነሰው 24 ብር ነው። እኔ ግን ኢኮኖሚክስ ተመርቄ በተማሪ መታረሙ አሳፈረኝና «እሱን በኋላ እናየዋለን» ብዬ አለፍኩት። ልጅቷ እጇን አወረደች፤ ሰዓቱ እስኪያልቅም መልሳ አላወጣችም።

ማታ ቤት ስገባ የአራት ዓመቱ ልጄ ብርጭቆ ሰብሯል። «ማነው የሰበረው?» ስለው «በኋላ እነግርሃለሁ» አለኝ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ። ጥያቄ ሲከብደኝ እኔ የምላት ነገር ናት። ከእኔ ነው የቀዳት!

በማግስቱ ገና ክፍል ስገባ ሰሌዳው ላይ 96 ብዬ ጻፍኩ። «ትናንት ልክ የነበረችው እሷ ናት፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩ። የሚንቁኝ መስሎኝ ነበር። በዚያን ቀን ግን አፋቸውን ከፍተው የማያውቁ ሦስት ልጆች ጥያቄ ጠየቁኝ።

ማታ ደግሞ ለልጄ የሆነውን ነገርኩት። ትንሽ አሰበና፣ «አባዬ፣ ብርጭቆውን እኔ ነኝ የሰበርኩት» አለኝ።

እናንተስ ለታናናሾቻችሁ «ተሳስቻለሁ» ያላችሁት መቼ ነው?