ስመ ጥር ፈረስም ገብስ ይሻል

ቆሰበር በምትባለው በእንጅባራ ከተማ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ተመልካች የሚያደንቀው የዕለቱን ግልቢያ እንጂ የአምናውን ዝና አይደለም። የእጅ ስልክ ሠሪዎችም ነገር እንደዚሁ ነው።

ኖኪያ የዓለም ቀዳሚ ሆኖ ሳለ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2007 ወዲህ የመጡትን የአይፎንና የአንድሮይድ ስልኮች ዘግይቶ ስለ ተከተለ፣ የስልክ ሥራውን በ2014 ለማይክሮሶፍት ሸጠ። ኤች ኤም ዲ የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ስሙን በፈቃድ ይዞ ገበያ ገባ፤ ነገር ግን ፉክክሩ ስለ ከበደው በ2025 የአሜሪካ ሥራውን እንደሚቀንስ አስታወቀ። የቻይናው ትራንሽን ግን በ2011 የቴክኖን ስልክ በአገራችን መገጣጠም ጀምሮ፣ ሁለት ሲም ካርድ የሚይዝና አማርኛ የሚጽፍ ስልክ በመጠነኛ ዋጋ አቅርቦ ገዢውን ሳበ።

እንግዲህ ኤች ኤም ዲ ይዘልቃልን? በ2023 ያወጣው ኖኪያ ጂ 22 ባለቤቱ ራሱ ባትሪውን ሊለውጠው የሚችል ነበር። እንዲህ ያለው ስልክ ከነመለዋወጫው እስከ ቆሰበር ቢደርስ ተስፋ አለው፤ ድንቹን ሸጦ ስልክ የገዛ ገበሬ ባትሪው በሞተ ቁጥር ሌላ ስልክ ሊገዛ አይገባውምና። ስለዚህ ገዢ ሁሉ የስልኩን ስም ብቻ ሳይሆን የሚጠገንበትን ስፍራ አስቀድሞ ይጠይቅ።