ለገና ሜዳ የሚሆን መነጽር

ታኅሣሥ ሲጋመስ በጎጃም ገጠር ልጁም ጎልማሳውም ለገና ጨዋታ ጫፉ የቆለመመ ዱላ ፍለጋ ይወጣል። በዱላው የምትመታው ኳስ፣ ጥንጓ፣ ከእንጨት ትጠረባለች፣ ወይም ከጠፍር ትሰፋለች። ሜዳው የተለካ ወሰን የለውም፤ የተጫዋቹ ቁጥርም አይገደብም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንዲሉ፣ በዕለቱ ዱላ ያረፈበት ሰው ቂም አይዝም። ይቅርታ ግን የጠፋ ዓይን አይመልስም። ስለዚህ ከዘጌም ይሁን ከባሕር ዳር ሄዶ ወደ ሜዳው የሚገባ ባለመነጽር ወጣት አስቀድሞ አንድ ነገር ማወቅ አለበት፦ ፊቱ ላይ ያለው መነጽር ዓይኑን ይጠብቅለታል ወይስ ጉዳቱን ያከፋበታል?

ብዙ ጊዜ መልሱ ሁለተኛው ነው። በሐኪም የታዘዘ ተራ መነጽር የሚሠራው አጥርቶ ለማሳየት ነው። ምት መመከት ሌላ ሥራ ነው፤ ሌላ ሌንስና ሌላ ፍሬም ይጠይቃል። መግዛት የፈለገ ሰው ሁለቱን ለያይቶ ማየት አለበት።

በቅድሚያ አደጋው ከየት እንደሚመጣ እንይ። ዓይን በአጥንት ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጧል፤ ቅንድቡ፣ ጉንጩና የአፍንጫው አጥንት ዙሪያውን አጥረውታል። እግር ኳስን የመሰለ ትልቅ ነገር ሲመጣ አጥንቱ አብዛኛውን ኃይል ይቀበላል፤ እንዲያም ሆኖ ዓይን የሚጎዳበት ጊዜ አለ። የጉድጓዱ አፍ ግን 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ስላለው፣ ትንሽ ኳስ ወይም የዱላ ጫፍ ያለ ከልካይ ዘልቆ ይገባል። የዓይን ኳስ ራሱ ከዳር እስከ ዳር 24 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

ከገና ጋር የሚቀራረቡት የሌላው ዓለም ጨዋታዎች ይህን በመከራ ተምረዋል። የክሪኬት ኳስ 160 ግራም ያህል የምትመዝን ጠንካራ ኳስ ናት፤ የሜዳ ሆኪም ኳስ ክብደቷ ከዚያው አይርቅም። የደቡብ አፍሪካው የክሪኬት ተጫዋች ማርክ ባውቸር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 በእንግሊዝ ሲጫወት የግራ ዓይኑ ክፉኛ የተጎዳው በኳሷ እንኳ አልነበረም። ኳሷ የመታቻቸው እንጨቶች አናት ላይ የምትቀመጠው ትንሽ እንጨት ተስፈንጥራ ዓይኑን መታችው፤ የተጫዋችነት ዘመኑም በዚያ ጉዳት አበቃ። በአሜሪካ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሜዳ ሆኪ ሲጫወቱ መከላከያ መነጽር እንዲያደርጉ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ግዴታ ሆነ፤ የዓይን ጉዳቱም በግልጽ ቀነሰ። በገና ጨዋታ አደጋው በሦስት በኩል ይመጣል፦ ከጥንጓ፣ ከዱላው ቆልማማ ጫፍና ከተሰባበረ ዱላ ስንጣሪ።

ወደ ሌንሱ እንምጣ። የብርጭቆ ሌንስ ለሜዳ ፈጽሞ አይሆንም፤ ሲሰበር ስለቱ ወደ ዓይን ይገባል። በመነጽር ቤቶች በብዛት የሚገኘው ተራ ፕላስቲክ ከብርጭቆ ይሻላል እንጂ ኃይለኛ ምት ሲያርፍበት እሱም ተሰንጥቆ ስለት ያወጣል። የመነጽር ቁጥሩ ከፍ ያለ ሰው ውፍረት ለመቀነስ የሚያዘው ቀጭን ሌንስም፣ ውድ ስለሆነ ብቻ ጠንካራ አይደለም። ለዚህ ሥራ የሚታመኑት ሁለት ናቸው፦ ፖሊካርቦኔትና ትሪቬክስ። ፖሊካርቦኔት ሲመታ ይለመጣል እንጂ በቀላሉ አይሰባበርም፤ የፀሐይን ጎጂ ጨረርም ይከላከላል። ድክመቱ ቶሎ መጫሩ ነው። ስለዚህ ጭረት መከላከያ ቅብ ያለው ይመረጣል፤ አቧራ ሲይዘውም በጋቢ ጫፍ ከመጥረግ በውኃ አለቅልቆ በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ ነው። ትሪቬክስ በጥንካሬው ከፖሊካርቦኔት ጋር ይቀራረባል፣ በዳር በኩል ሲያዩበት ይበልጥ ይጠራል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

ውፍረቱም ቁም ነገር ነው። የቅርብ ዕይታ ብቻ ያለው ሰው ሌንስ መሐሉ ቀጭን፣ ዳሩ ወፍራም ነው፤ ምት የሚያርፈው ደግሞ መሐሉ ላይ ነው። ለዱላና ለኳስ ጨዋታ የሚመከረው መሐሉ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ፖሊካርቦኔት ነው። ለዘወትር ሲሆን «ቀጭን ይሁንልኝ» ማለት ያምራል፤ ለሜዳ ግን ልመናው ይገለበጣል።

ጠንካራ ሌንስ ደካማ ፍሬም ውስጥ ከገባ ግን ድካሙ ከንቱ ነው። ሌንሱ ሳይሰበር እንዳለ ወደ ውስጥ ተስፈንጥሮ ዓይንን ሊመታ ይችላል። የስፖርት ፍሬም ሌንሱን የሚይዝበት ቦይ ከኋላ በኩል ከፍ ያለ ከንፈር ስላለው፣ ሌንሱ ከወጣም የሚወጣው ወደ ፊት ነው። ብዙዎቹ የብረት ማጠፊያ የላቸውም፤ ከኋላ በሚጠብቅ ላስቲክ ይታሰራሉ፤ አፍንጫና ቅንድብ ላይ የሚያርፉበትም ቦታ ለስላሳ ትራስ አለው። ሌንሱ በክር ብቻ የተያዘ ግማሽ ፍሬም፣ ወይም በብሎን የተያያዘ ፍሬም የለሽ መነጽር ለሜዳ አይታሰብም።

እቃው እጅዎ ሲገባ እንዲህ ይፈትኑት። ፍሬሙን በሁለት እጅ ይዘው፣ በሁለቱም አውራ ጣት ሌንሱን ከፊት ወደ ኋላ ገፋ ያድርጉ፤ ከቦዩ ከተንቀሳቀሰ ይመልሱት። ከዚያ አድርገውት ጎንበስ ይበሉና ራስዎን ይነቅንቁ፤ መንሸራተት የለበትም። ሽፋሽፍትዎ ሌንሱን አይንካ። በጣት የጉንጭዎንና የቅንድብዎን አጥንት ይዳስሱ፤ የፍሬሙ ጠርዝ ማረፍ ያለበት አጥንቱ ላይ እንጂ ዓይኑ ላይ አይደለም። በመጨረሻ መሬት ላይ ጥንግ እንዳለች አስመስለው ዝቅ ብለው ይመልከቱ፤ የፍሬሙ ታች ዕይታዎን ከጋረደ ሌላ ይሞክሩ። ፍሬሙ ላይ ወይም ማሸጊያው ላይ «ኤኤስቲኤም ኤፍ 803» የሚል ምልክት ካለ ለስፖርት ተፈትኗል ማለት ነው። «ዜድ 87» የሚለው የሥራ ቦታ መከላከያ ደረጃ ነው፤ ከተራው ይሻላል፣ ከስፖርቱ ግን ያንሳል።

የፊትን ቅርጽ ተከትሎ ወደ ጎን የታጠፈ ፍሬም ቁጥሩ ከፍ ያለን ሰው ያዞረዋል። ስለዚህ ባለሙያው በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለውን ርቀት ለክቶ ሌንሱን በዚያ ልክ ይሥራ፤ ተጫዋቹም ከበዓሉ ቀናት ቀደም ብሎ ይልመደው። ላብ ጉም እንዳያደርግበት ከጎን የአየር ቀዳዳ ያለው ይመረጣል።

ኮንታክት ሌንስ ያሳያል እንጂ ከምት አያድንም። መነጽር አውልቆ መግባትም መፍትሔ አይደለም፤ የምትመጣውን ጥንግ ያላየ ሰው ፊቱን አያዞርላትም።

በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ ዕይታቸው ከደከመባቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ ምክንያቱ በመነጽር የሚስተካከል ችግር መሆኑን አሳይቷል። መነጽሩ ራሱ በማይደረስበት አገር የስፖርት መነጽር ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ለአንድ ሰው ግን ቅንጦት አይደለም፦ ከሁለት ዓይኖቹ አንዱ ብቻ በደንብ ለሚያይለት። የደካማው ዓይን ዕይታ በመነጽር ተስተካክሎ በዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ 6/12 ካልደረሰ፣ ያ ሰው ያለ መከላከያ ሜዳ መግባት የለበትም።

የተመታ ዓይን አይታሽም፣ አይጫንም፤ የተሰካ ነገር ካለ አይነቀልም፤ ቅቤም ሆነ የቅጠል ጭማቂ አይጨመርበትም። ሳይጫኑ በንጹሕ ስኒ ከልሎ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት መሄድ፣ ከፍ ያለ ሕክምና ካስፈለገም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ማዕከል መድረስ ነው። ሕመሙ ቢቀልም ዕይታ ከደበዘዘ ወይም በብሌኑ ፊት ደም ከታየ «ይለቀኛል» ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ገንዘቡ ለአንድ መነጽር ብቻ የሚበቃ ከሆነስ? የዘወትሩን በፖሊካርቦኔት፣ ሙሉ በሆነና ወፈር ባለ የፕላስቲክ ፍሬም ማሠራትና በላስቲክ ማሰር ነው። የስፖርቱን መነጽር አይተካም፤ ዱላ በዱላ ሲደባለቅ ዳር መያዝ አይቀርም። ወጪው ግን ለአንድ ቀን ጨዋታ ብቻ የሚወጣ አይደለም። ገና በዓመት አንዴ ነው፤ በዘጌ ግን ቡና ሲለቀም ቅርንጫፉ ተስፈንጥሮ ይመለሳል፣ እንጨት ሲፈለጥም ስንጣሪው ዓመቱን ሙሉ ይበራል፤ ያው ሌንስ እዚያም ይሠራል።