ሞክሼ ቃላትና የቤንጋሊ ተማሪ

በድምፅም በአጻጻፍም አንድ ሆነው በትርጉምም በምንጭም የማይገናኙ ቃላት ሞክሼ ቃላት ሲባሉ፣ ከአንድ መነሻ ተነሥቶ ተዛማጅ ፍቺዎችን ያፈራው ደግሞ ፍቺው የበዛ ቃል ይባላል። እንግሊዝኛ በሁለቱም የተሞላ በመሆኑ፣ በባንግላዴሽም ሆነ በሕንድ ምዕራብ ቤንጋል ቤንጋሊ እየተናገሩ ያደጉ ተማሪዎችን የሚያስተምር መምህር ልዩነቱን አስቀድሞ ሊያጠራው ይገባል።

እነዚህን ተማሪዎች አብዝቶ የሚያደናቅፋቸው ጭራሽ ያልሰሙት ቃል ሳይሆን በውሰት ቀድሞ አፋቸው የገባው ነው። «ባት» በክሪኬት አማካይነት ወደ ቤንጋሊ ገብቶ የመምቻው ዱላ መጠሪያ ስለሆነ፣ «ባት በጣሪያው ላይ በረረ» የሚል የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ያነበበ ልጅ ከተጫዋች እጅ ያመለጠ ዱላ ይታየዋል እንጂ በቋንቋው «ባዱር» የሚላት የሌሊት ወፍ ትዝ አትለውም። «ማች» በባንግላዴሽ ግጥሚያንም ክብሪትንም ስለሚጠራ ችግሩ የቀለለ ይመስላል፤ ነገር ግን የግጥሚያው «ማች» አቻ ወይም ባልንጀራ ከሚል የጥንት እንግሊዝኛ ቃል፣ የክብሪቱ ደግሞ የመብራት ክር ከሚል የጥንት ፈረንሳይኛ ቃል የመጣ በመሆኑ፣ ተማሪው በሁለቱ መካከል ዝምድና ቢፈልግ በከንቱ ይደክማል። የገንዘብ ተቋምንና የወንዝ ዳርን የሚያመለክተው «ባንክ» ዘወትር በምሳሌነት ቢጠቀስም፣ ሁለቱ በተለያየ መንገድ ወደ እንግሊዝኛ ይግቡ እንጂ ሥራቸው ወደ ኋላ ሲመረመር በጥንታዊው የጀርመናውያን ቋንቋ ስለሚገናኝ፣ ጥሩ ማስጀመሪያ አይደለም።

ከሁሉ የሚሻለው መነሻ ቤንጋሊ ራሱ ነው። «ቲር» የውኃ ዳርቻ ሲሆን ከሳንስክሪት፣ ፍላጻ ሲሆን ከፋርስኛ የተገኘ ነው፤ «ፖራ» ደግሞ ማንበብም መውደቅም ስለሆነ፣ «ሼ ፖሬ» የሚለው አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻውን ሲነገር «እሱ ያነባል» ወይም «እሱ ይወድቃል» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል። ይሁን እንጂ መጽሐፍ ወይም ዛፍ አብሮ ከተጠራ የሰባት ዓመት ልጅ እንኳ አይሳሳትም፤ ይህ ልጅ ሳያውቀው የያዘው ችሎታ በእንግሊዝኛ ትምህርት ላይ ሳይሠራበት መቅረቱ የሚያስቆጭ ነው። ስለዚህ «ባርክ» የተባለው ቃል በሰሌዳ ላይ ብቻውን ተጽፎ ሁለት ፍቺ ከሥሩ ከሚደረደር ይልቅ፣ በአንድ መስመር ከሚጮኸው ውሻ፣ በሌላው ከዛፉ ግንድና ከሚላጠው ቅርፊት ጋር፣ እንደ ሁለት ቃል ሁለት ጊዜ ቢጻፍ ይመረጣል።